ሞረድ ያልነካው ብረት

ከወልድያ ወጥቶ በጎብዬና በሮቢት አድርጎ ቆቦ የሚገባው፣ ከዚያም ዋጃንና አላማጣን አልፎ የግራካሕሱን ጠመዝማዛ ሽቅብ ወደ ኮረም የሚወጣው መንገድ ባለፈው መቶ ዓመት ውስጥ ያላሳለፈው ጦር የለም ማለት ይቻላል። ያለፈው ሁሉ ደግሞ ጥሎት የሄደው ብረት አለ። ውጅግራው፣ አልቢኑ፣ ምንሽሩ፣ ቤልጅጉ በየዘመኑ በራያ ትከሻ ላይ ውሏል፤ ስሙም በቀረርቶ ተነሥቷል። ሽጉጥ ግን ዕጣው ሌላ ነው። የመኮንን ዕቃ ስለነበር ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ከልብስ ሥር ስለሚውል ብዙም አይዘፈንለትም፤ ሲበላሽ ደግሞ ሣጥን ግርጌ ገብቶ ይረሳል። ከዘመናት በኋላ የልጅ ልጅ ሲያወጣው የመጀመሪያው ጥያቄ "ይሠራ ይሆን?" የሚል ነው። ሁለተኛው እርምጃ ጠጋኝ ፍለጋ ይሆናል። እኔ እዚህ የምከራከረው በሁለቱ መካከል መግባት ስላለበት ነገር ነው። የተበላሸ የዱሮ ሽጉጥ የተጻፈ ሰነድ ያህል ይናገራል፤ ብልሽቱ ራሱ ከንግግሩ አንዱ ነው፤ ጠጋኙ ካላወቀበት ግን በአንድ ከሰዓት ሥራ ዲዳ ያደርገዋል።

ለዚህ ከቤሬታ 34 የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም። በሰሜን ጣሊያን ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ የሚገኘው የቤሬታ ቤት ከ1526 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጠመንጃ ሥራ የታወቀ ነው። በ1934 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሽጉጥ 9 ሚሊ ሜትር አጭር ጥይት የሚጎርስ፣ ካዝናው 7 ጥይት የሚይዝ፣ ክፍሎቹ ጥቂት ግን ጠንካራ የሆኑ መሣሪያ ነው፤ በአገራችን ላይ የዘመተውም የጣሊያን ጦር ይዞት መጥቷል። በግራ ጎኑ ላይ የፋብሪካው ስም፣ የጥይቱ ልክ፣ የሞዴሉ ዓመትና የከተማው ስም ተቀርጿል። ከዚያ ሁለት ቁጥሮች ይከተላሉ። አንደኛው ሽጉጡ የተሠራበት ዓመት በተለመደው የአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ሁለተኛው በሮማውያን ቁጥር የተቀረጸ ሲሆን የፋሺስት ዘመን ዓመት ነው፤ ሙሶሊኒ በጥቅምት 1922 እ.ኤ.አ. ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ዘመን በእርሱ ይቆጠር ተብሎ ስለነበር። ስለዚህ 1936 የሚለው በአብዛኛው ከ14 ጋር፣ 1937 ከ15 ጋር፣ 1939 ከ17 ጋር ተጣምሮ ይገኛል። የምድር ጦሩ፣ የባሕር ኃይሉና የአየር ኃይሉ ሽጉጦችም የየራሳቸው ሁለት ሁለት ፊደል ነበራቸው። ከፋሺዝም ውድቀት በኋላ የተሠሩት ያ የሮማ ቁጥር የለባቸውም። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከአንድ ጣት ርዝመት ብዙም በማይበልጥ ቦታ ላይ የሰፈረ ጽሑፍ ነው፤ ብርጭቆ ወረቀት የያዘ ሰው በደቂቃዎች ያጠፋዋል።

አሁን ይህን ጽሑፍ ከራያ ታሪክ ጋር እናገናኘው። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ተደረገ። በአንድ ቤት ውስጥ "አያታችን ማይጨው ላይ ከጣሊያን መኮንን የማረኩት ነው" እየተባለ የሚጠበቅ ሽጉጥ አለ እንበል፤ ጎኑ ላይ ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር 1939 እና የሮማው 17 ይነበባል። ሽጉጡ የተሠራው ከማይጨው ሦስት ዓመት ቆይቶ ስለሆነ የቤተሰቡ ትዝታ እንዳለ ሊቆም አይችልም። ይህ ማለት አያት ዋሹ ማለት አይደለም። ትዝታ ትልቁን ስም ይወዳል፤ ሁለት ሦስት ውጊያ ያየ ሰው ታሪክ በልጆቹ አፍ ውስጥ ወደ አንዱ ስመ ጥር ውጊያ ተጠቃሎ ይገባል። ብረቱ ግን ሌላ በር ይከፍታል። በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ደሴ ከጣሊያን እጅ ስትወጣ የደቡብ አፍሪካ ጦር በዚሁ በቆቦና በአላማጣ መንገድ ወደ አምባ አላጌ ገሰገሰ፤ በግንቦትም የጣሊያን ጦር አዛዥ የነበረው የአኦስታው መስፍን እዚያው እጁን ሰጠ። ከተሸነፈው ጦር የቀረው መሣሪያ በየገጠሩ ተበተነ። ሁለት ዓመት ሳይርቅ፣ በ1935 ዓ.ም.፣ ቀዳማይ ወያነ የተባለው አመፅ ሲነሣ ራያና አዘቦም በአመፁ ውስጥ ነበሩ፤ በብዛት የተዋጉትም ያ ከጣሊያን በቀረው መሣሪያ ነው። አመፁ የተሰበረው በመስከረም 1936 ዓ.ም. ማብቂያ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከኤደን ተነሥተው መቀሌን ከደበደቡ በኋላ ነበር። 1939 የተቀረጸበት ሽጉጥ እንግዲህ በእኛ አቆጣጠር 1933ን እና 1935ን ይጠቁማል። በቤቱ ውስጥ ያልተነገረ፣ ምናልባትም ሆን ተብሎ የተዘለለ ታሪክ እንዳለ የሚያስጠረጥረው ይህ ቁጥር ነው። ጣሊያን በሰኔ 1940 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ካወጀች በኋላ የስዊዝ መንገድ ስለተዘጋባት፣ 1942 የተቀረጸበት ሽጉጥ ከቆቦ ሣጥን ቢወጣ ደግሞ ጨርሶ በወረራው ዘመን የመጣ አይደለም፤ ከጦርነቱ በኋላ በሌላ መንገድ የገባ ነው።

ብረቱ ብቻውን ሁሉን ያውቃል ማለቴ አይደለም። መጋቢት 1928 ዓ.ም. ላይ ከማይጨው ያፈገፈገው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ ከአየር በቦምብና በመርዝ ሲደበደብ፣ ከጣሊያን መሣሪያና ገንዘብ የተቀበሉ የራያና የአዘቦ ታጣቂዎች ከጎን አጥቅተውታል። ይህን ታሪክ የሚያነሣ ሰው ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ በራያና አዘቦ ላይ የዘመተውን የመንግሥት ጦርና ያደረሰውን ጉዳትም አብሮ ማንሣት አለበት፤ ቂሙ ከሰማይ አልወረደም። ሆኖም 1935 ወይም 1936 እ.ኤ.አ. የተቀረጸበት መሣሪያ ከጣሊያን የተማረከ ይሁን ወይስ ጣሊያን የሰጠው፣ ቁጥሩ አይለይም። ያን መለየት የሚችለው የቤቱ ሰው ብቻ ነው፤ ያውም ደፍሮ ከተናገረ። ስለዚህ ትዝታው ብረቱን ይፈልጋል፤ ብረቱም ትዝታውን። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ግማሽ ይሆናል። ጠጋኙ ቁጥሩን ሲፍቀው የሚያጠፋው ጌጥ ብቻ መስሎ የሚታየው ይህን ያላሰበ ሰው ነው።

ቁጥሩን መጠበቅ ቀላሉ ክፍል ነው። ብልሽቱም ይነበባል የሚለው ክርክሬ ግን ማስረጃ ይጠይቃል። መጀመሪያ ብልሽት ያልሆነውን ከብልሽት መለየት ያስፈልጋል። በቤሬታ 34 ጥይቱ ሲያልቅ ከላይ የሚንሸራተተውን ክፍል ወደ ኋላ ይዞ የሚያቆመው በካዝናው ውስጥ ያለው ጥይት ገፊ ነው። ካዝናው በግድ ተጎትቶ ሲወጣ የሚንሸራተተው ክፍል ድንገት ተመልሶ ይዘጋል። ሌላ ሽጉጥ የለመደ ሰው ይህን ሲያይ ማቆሚያው የተሰበረ ይመስለዋል። የተሰበረ ነገር ግን የለም፤ ንድፉ ነው፤ ለብቻው የተሠራ ማቆሚያ ከመጀመሪያውም አልነበረውም። ካዝናው ጠበቀብኝ ብሎ ጥይት ገፊውን በሞረድ የሚበላ ሰው ጤነኛውን አካል አቁስሎ "ጠገንኩ" ይላል። የጥበቃ ቁልፉም እንዲሁ ነው። ረጅም ዙር መዞሩና ምላጩን ብቻ መቆለፉ የፋብሪካው አሠራር ነው። ሳያውቁ ማረም እዚህ ላይ ከዝገት የባሰ ጠላት ነው።

እውነተኛው ብልሽት ሲመጣ ደግሞ መንሥኤው ብዙ ጊዜ ከሽጉጡ ውጭ ይገኛል። የጥይት ጉዳይ ዋነኛው ነው። የጣሊያን 9 አጭር ጥይት ከጣሊያን ጋር አለቀ። ከዐሥርት ዓመታት በኋላ በደርግ ዘመን አገሩን የሞላው ከሶቪየት ኅብረት የመጣው ማካሮቭ ነው፤ የእርሱም ጥይት "ዘጠኝ" ይባላል። ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ልኩ አይመሳሰልም። የጣሊያኑ ቀለህ 17 ሚሊ ሜትር ሲረዝም የማካሮቭ 18 ነው፤ የማካሮቭ እርሳስም በሩብ ሚሊ ሜትር ያህል የበለጠ ውፍረት አለው። ይህን በግድ ያጎረሰ ሰው ሽጉጡን ወይ አስነክሶታል ወይ እጁን ለአደጋ ሰጥቷል። በጥይት ጎሬው ውስጥ የሚገኝ ጭረት፣ የተጣመመ የካዝና ከንፈር፣ ጥይቱን ወግቶ የሚያስነሣው መርፌ መሰበር፣ እነዚህ ሁሉ ሽጉጡ ከራሱ ዘመን ተነቅሎ በሌላ ዘመን ጥይት ለመኖር የተገደደ መሆኑን የሚያሳዩ ጠባሳዎች ሊሆኑ ይችላሉ። የቆላው አየርም የራሱን አሻራ ይተዋል። በደጋ ብረት የሚበላው በእርጥበት ነው፤ በቆቦ ሜዳ፣ በማሽላው አጨዳ ወራት አቧራው በሚነሣበት አገር፣ ወፍራም ዘይት መቀባት የአቧራ መጥመጃ ይሆናል። ዘይቱ አቧራውን ይዞ ከሞላው ዙሪያ ይጠጥራል፤ ጥይት ሲተኮስ ወደ ኋላ የሸሸው ክፍል ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ባለቤቱም "ሞላው ሞተ" ይላል። ያን የጠጠረ ቅባት በልኩ በሚያሟሟ ነገር ከማጠብ ያለፈ ሥራ የማይፈልግ ሽጉጥ ሞላው ተቆርጦ፣ ተስቦ፣ በሌላ ተተክቶ ይመለሳል። መጀመሪያ መንሥኤውን ይወቁ፣ ከዚያ እጅ ያስገቡ የሚለው የሐኪም ሥርዓት ለብረትም ይሠራል።

በቀድሞ ጊዜ መሣሪያ የሚጠግነው ሰው ማን እንደነበር ማሰብም አይጎዳም። በገጠራችን የተሰበረ ሰደፍ በጥሬ ቆዳ ተሰፍቶ ይጠገን ነበር፤ ቆዳው ርጥብ ሆኖ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን እንደ ቀድሞው ያጣብቀዋል። የመዳብ ሽቦ ይጠመጠማል፤ የጠፋ ብሎን በእጅ ይሠራል። ይህን የሚሠራው ቀጥቃጭ ወይም ባለ እጅ ተፈላጊ ቢሆንም የተናቀ ነበር፤ መሣሪያውን ተቀብሎ የሚያነግተው ጀግና ሲዘፈንለት እርሱ ከመሬትም ከጋብቻም ተገልሎ ይኖራል። ነገሩ ከላይም ያው ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ሲያስቀልጡ ዋልድማየርን የመሰሉ አውሮጳውያን ስማቸው በታሪክ ተጻፈ፤ ከሰሉን ያነደደውና መዶሻውን ያነሣው ያገሬው ባለ እጅ ግን በመጻሕፍት ውስጥ ስም የለውም። ስለዚህ በአንድ የቆቦ ሽጉጥ እጀታ ላይ ከፋብሪካው ያልመጣ፣ በእጅ የተጠረበ የእንጨት ወይም የቀንድ ሽፋን ቢገኝ፣ "ኦሪጅናሉ" ተፈልጎ እስኪተካ መጣል የለበትም። ያ ሽፋን የዚያ ስም የለሽ ሰው ብቸኛ ፊርማ ሊሆን ይችላል።

የውጭ ሰብሳቢዎች ይህን ከእኛ ቀድመው አውቀዋል። ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ መጋዘኖች የወጡ የዱሮ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ገበያ ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል፤ በውስጣቸው ከጣሊያን የተወሰዱ ቬተርሊዎች፣ የፈረንሳይ ግራዎችና በቆዳ የተጠገኑ ሰደፎች ነበሩበት። ገዢው ብዙ ጊዜ ቆዳውን አይነቅልም፤ ዋጋውን ከፍ የሚያደርግለት ያ ጥገና መሆኑን ያውቃልና። በዚያ ገበያ እንደ አዲስ ተወልውሎ፣ እንደገና የጠቆረ ሽጉጥ የራሱ ያረጀ ቅብ ከቀረለት መሣሪያ ያነሰ ዋጋ እንደሚያወጣ ለሰብሳቢ የሚነገር ነገር አይደለም። ገንዘብን ምስክር አድርጎ መጥራት ለእንዲህ ያለ ክርክር ደስ አይልም፤ ግን "አሮጌ ነገር ካልታደሰ ዋጋ የለውም" የሚል ሰው የሚሰማው ምስክር እርሱ ስለሆነ ይጠራ።

የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ የባለቤቱ ነው፦ የማይተኩስ መሣሪያ ብረት እንጂ መሣሪያ አይደለም፤ ያባት ዕቃ ተበላሽቶ ማስቀመጥ ነውር ነው። የክብር ስሜቱ ይገባኛል። ነገር ግን ሌላ ያባት ዕቃ እናስብ። ፊደሉ የደበዘዘ የብራና ዳዊት ያለው ቤተሰብ አሮጌውን ቀለም ፍቆ በአዲስ ቀለም እንዲጻፍለት ደብተራ አይጠራም፤ ማኅደሩን ያድሳል፣ ከአይጥና ከርጥበት ይጠብቀዋል፣ ለንባብ ሌላ መጽሐፍ ይገዛል። መተኮስ የሚፈልግ ሰው ሕጋዊ መንገዱን ተከትሎ የሚያደርገው የራሱ ጉዳይ ነው፤ ከዘጠና ዓመት ሽጉጥ ላይ ያን አገልግሎት መጠየቅ ግን ለብረቱም ለእጁም አደጋ ነው። ያረጀ ብረት ስንጥቁ በዓይን አይታይም። ደግሞም ማንኛውም ከሣጥን የወጣ ሽጉጥ ጥይት እንደጎረሰ መቆጠር አለበት፤ ካዝናው ባዶ ቢሆን እንኳ አንድ ጥይት በጎሬው ውስጥ ሊቀር ይችላልና፣ የሚያውቅ ሰው ሳያየው ምላጩን መሞከር በልጅ ሕይወት መጫወት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይከብዳል፤ ፈጥኜ ላልፈው አልችልም። ቆቦ ከሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት፣ እንደገናም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነት ያለፈባት ከተማ ናት። ሰው በቅርቡ ልጁን በቀበረበት አገር ስለ አሮጌ ሽጉጥ ውበት መጻፍ ምን ይሉታል? ራያ በደም መመላለስ የተጎዳ፣ የዘወልድ ሽማግሌዎች ባላንጣን ከባላንጣ ሲያስታርቁ የኖሩበት አገር ነው፤ መሣሪያን በትዝታ መሸፋፈን ያን ቁስል አያመረቅዝም ወይ? ይህን የሚል ሰው ትክክለኛ ነገር ይፈራል። የቀረርቶው ትዝታ እውነትም አደገኛ ነው፤ ገዳዩን ያወሳል፣ ሟቹን ይረሳል። ግን መልሱ መሣሪያውን ከታሪኩ መነጠል ከሆነ የሚቀረን ምንድን ነው? የሚተኩስ ብረት ብቻ። ስሙ፣ ዓመቱ፣ የመጣበት መንገድ፣ ያጠፋው ነፍስ የተፋቀለት ሽጉጥ ለሚቀጥለው ጠብ የተዘጋጀ ዕቃ ይሆናል። ዓመቱ ተነቦ፣ ታሪኩ በክፉም በደጉም ተመዝግቦ፣ መተኮሱ የቀረ ሽጉጥ ግን ለጠብ አይመረጥም። ተቃዋሚዬ የሚፈልገውና እኔ የምፈልገው እዚህ ላይ ይገናኛሉ ብዬ አምናለሁ። ልዩነታችን እርሱ ቀልጦ ማረሻ ይሁን የሚል ከሆነ ነው። ለክላሹ እስማማለሁ፤ ክላሹ ብዙ ነው። የ1928ቱና የ1933ቱ ብረት ግን ጥቂት ነው፤ ቀልጦ ማረሻ ቢሆን ግማሽ ጥማድ በሬ የማያሳርስ ነገር ለማግኘት አንድ የታሪክ ገጽ ይጠፋል።

ሦስተኛ የሚባል ነገር አለ፤ በግልጽ ባይነገርም በየቤቱ ያለ ነው። ሰዎች የዱሮ ሽጉጣቸውን የማያወጡት እንዳይወሰድባቸው ስለሚፈሩ ነው። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ የሚገዛ ሕግ ነው፤ በሥውር ለጠጋኝ መስጠትም ባለቤቱንም ጠጋኙንም ለክስ ያጋልጣል። በሌላ በኩል የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን በተመለከተ ጥገና ከመደረጉ በፊት የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዝዛል። አንዱ ሕግ ሽጉጡን በፖሊስ ዓይን፣ ሌላው በሙዚየም ዓይን ያየዋል፤ በመካከል ያለው ገበሬ ግን ወደየትኛው በር እንደሚሄድ የነገረው የለም። ሙዚየሙም ቢሆን የራሱ ሥጋት አለበት። በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ ቤት የነበረው የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ተዘርፏል፤ "ለሙዚየም ስጡ" የሚል ሰው ይህን ሳይጠቅስ ማለፍ የለበትም። ሙዚየም ቢዘረፍ የማይዘረፈው በሌላ ቦታ የተቀመጠ የፎቶግራፍና የጽሑፍ ቅጂ ነው። ለዚህም መሣሪያውን ከባለቤቱ መውሰድ አያስፈልግም፤ ካሜራ፣ መቅረጸ ድምፅና የሚያዳምጥ ሰው ይበቃል።

ስለዚህ ጥያቄዬን ለሁለት ወገን አቀርባለሁ። የወልድያና የራያ ዩኒቨርሲቲዎች የታሪክ ክፍሎች፣ ከፖሊስና ከባህል ቢሮዎች ጋር ተስማምተው፣ በማይጨውና በወልድያ መካከል ባሉ ወረዳዎች ያረጁ መሣሪያዎችን ሳይወርሱ የሚመዘግቡበት፣ ምልክታቸውን ፎቶ የሚያነሡበት፣ የባለቤቱን ቃል የሚቀርጹበት ሥራ ይጀምሩ፤ የ1935ቱን አመፅ ከአባቶቹ አፍ የሰማው ትውልድ እያለቀ ነው። አንተም፣ አንቺም፣ ሣጥን ግርጌ እንዲህ ያለ ሽጉጥ ያለባችሁ አንባቢዎች፣ ለማንም ጠጋኝ ከመስጠታችሁ በፊት በሕጉ መሠረት ፈቃዱን አስተካክሉ፤ ጥይት ያለበት መሆን አለመሆኑን የሚያውቅ ሰው ይመልከተው፤ በጎኑ ያሉትን ቁጥሮችና ፊደሎች ገልብጡ፤ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈም በዕድሜ ከገፉት የቤቱ ሰዎች ጠይቃችሁ ጻፉ። ሞረዱ ከዚያ በኋላም ይደርሳል።